መጠለያ የገቡ እንስሳትን በአደራ ስለ ማሳደግ

የአንድ ቤተ ሰብ ጤንነት የሚጠበቀው በቤቱ ውስጥ በሚኖሩት ሰዎች ንጽሕና ብቻ አይደለም። ከሰው ጋራ በአንድ ጣራ ሥር የሚያድሩት፣ ከልጆች ጋራ የሚጫወቱትና በማድ ቤቱ ደጃፍ የሚተኙት ውሾችና ድመቶችም የዚህ ጤንነት ተካፋዮች ናቸው። እነርሱ ንጹሓንና ጤነኞች ሲሆኑ ቤቱ ደስ ይለዋል፤ በሽታ ይዘው ሲገቡ ግን ጉዳቱ ለልጆችና ለእርጉዝ ሴቶች ይተርፋል። ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ጌታ የሌላቸው እንስሳት በመጠለያ ከተሰበሰቡ በኋላ ለፈቃደኛ ቤተ ሰቦች በአደራ እየተሰጡ ስለሚያድጉበት አሠራርና ይህ ሥራ ያለ ጉዳት እንዲካሄድ ሊደረግ ስለሚገባው ጥንቃቄ ለአንባቢዎቻችን ልንገልጥ እንወዳለን።

በአደራ ማሳደግ ማለት ምን እንደ ሆነ

በአደራ ማሳደግ ለዘለቄታው ከሚሰጥ ማደጎ የተለየ ነው። እንስሳው የመጠለያው ንብረት እንደ ሆነ ይቆያል፤ ቤተ ሰቡ ግን ለተወሰነ ጊዜ፣ ይኸውም ለጥቂት ቀኖች ወይም ለጥቂት ወሮች፣ በቤቱ ያኖረዋል። በደንበኛው አሠራር ምግቡን፣ መድኃኒቱንና የሐኪሙን ዋጋ መጠለያው ይችላል፤ ቤተ ሰቡ ደግሞ ስፍራውን፣ ጊዜውንና ትጋቱን ይሰጣል። እንስሳው ሲያድግ ወይም ሲድን ወደ መጠለያው ተመልሶ ለዘለቄታ ለሚያኖረው ሰው ይሰጣል። አባቶቻችን «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» ያሉት ለዚህ ሥራ የተነገረ ይመስላል።

እንስሳትን ከጭካኔ ለመጠበቅ የተቋቋመው ቀደምት ማኅበር በለንደን እ.ኤ.አ. በ1824 ተመሠረተ። በአሜሪካን አገርም ሄንሪ በርግ የተባለው ሰው በ1866 በኒው ዮርክ ይህን የመሰለ ማኅበር አቆመ። መጠለያዎች እየበዙ ከሄዱ በኋላ ግን ስፍራ ስለሚጠብ ብዙ እንስሳት ይገደሉ ነበር። ይህን ለማስቀረት ከደከሙት ከተሞች አንዷ በቴክሳስ የምትገኘው አውስቲን ናት። የከተማይቱ ምክር ቤት በ2010 ግድያውን የሚቀንስ ዕቅድ አጸደቀ፤ በ2011 ወደ መጠለያ ከገቡት ከመቶው ዘጠና ያህሉ በሕይወት ለመውጣት ቻሉ። ይህም ውጤት የተገኘው ከሌሎች ዘዴዎች ጋራ የአደራ አሳዳጊዎችን ቍጥር በማብዛት ነው። እንደዚሁም በመጋቢት ወር 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሲስፋፋና ብዙ መጠለያዎች ለሕዝብ ሲዘጉ፣ በየከተማው እጅግ ብዙ ሰዎች እንስሳትን በአደራ ለመውሰድ ራሳቸውን አቅርበዋል።

ከመጠለያ ይልቅ ቤት ስለ መሻሉ

ብዙ እንስሳት በአንድ ስፍራ ሲታጎሩ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመተላለፍ መንገዱ አጭር ይሆናል። ከውሾች በኩል ፓርቮና ዲስቴምፐር የተባሉት በሽታዎች፣ ከድመቶች በኩል ደግሞ ፓንሉኮፔኒያና የመተንፈሻ ጉንፋን ዋነኞቹ ጠላቶች ናቸው። የፓርቮ ቫይረስ በ1970ዎቹ መጨረሻ ታይቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ዓለምን ያዳረሰ ሲሆን፣ ከእንስሳው ሰውነት ከወጣ በኋላ በመሬትና በዕቃ ላይ ብዙ ወሮች ሳይሞት ይቆያል። ክትባታቸውን ያልጨረሱ ቡችሎችና የድመት ግልገሎች በእንዲህ ያለ ስፍራ ሲቈዩ እያንዳንዱ ቀን አደጋ ነው። ስለዚህ ለሕፃናቱ እንስሳት ከሁሉ የሚሻለው መድኃኒት ከብዙኀኑ መለየት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የመንፈስ ዕረፍት ነው። ጩኸት፣ እንግዳ ሽታና የሽቦ ቤት እንስሳትን ያስጨንቃቸዋል፤ ጭንቀትም የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። በ2019 በታተመ ጥናት በአሜሪካን አገር በአምስት መጠለያዎች የሚገኙ 207 ውሾች ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት በሰው ቤት እንዲያድሩ ተደርጎ ነበር። በሽንታቸው ውስጥ የሚገኘው ኮርቲሶል የተባለው የጭንቀት ንጥረ ነገር በእነዚያ ሌሊቶች ቀነሰ፤ ወደ መጠለያው ሲመለሱ ደግሞ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው፤ አጭር ዕረፍት እንኳ ይጠቅማል፤ ጥቅሙ ጸንቶ የሚኖረው ግን እንስሳው ቋሚ ቤት ሲያገኝ ነው።

ሦስተኛው ምክንያት የጠባይ ትምህርት ነው። የድመት ግልገል ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ገደማ፣ ቡችላ ደግሞ ከሦስተኛው ሳምንት እስከ ሦስተኛው ወር ገደማ ሰውን መልመድ የሚማርበት ዘመን ነው። በዚህ ጊዜ የሰው እጅና ድምፅ ያላወቀ እንስሳ ሲያድግ ፈሪ ይሆናል፤ ፈሪ እንስሳም ይነክሳል።

አደራው እንዴት እንደሚመራ

1ኛ፤ ኀላፊውና መዝገቡ። ሥራው አንድ የታወቀ ኀላፊ ሊኖረው ያስፈልጋል። ሁሉም የሚያዝበት ሥራ ማንም የማይጠየቅበት ሥራ ነው። ኀላፊው ለእያንዳንዱ እንስሳ አንድ ገጽ ከፍቶ፣ የገባበትን ቀን፣ ክብደቱን፣ መለያ ምልክቱን፣ የተከተበበትንና የሚቀጥለውን ክትባት የሚወስድበትን ቀን፣ ያለበትን ቤትና የሚመለስበትን ቀን ይጽፋል። በየማለዳው መዝገቡን ገልጦ «ዛሬ የማን ቀጠሮ ነው?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ይሁን። የት እንዳለ በአንድ ደቂቃ ውስጥ የማይታወቅ እንስሳ እንደ ጠፋ ይቈጠራል።

2ኛ፤ የቤተ ሰቡ ምርጫ። የሚጠየቀው ሀብት ሳይሆን ሁኔታ ነው። በቤቱ ውስጥ ስንት ሰዎች አሉ? ሕፃናት ስንት ዓመታቸው ነው? እርጉዝ ሴት ወይም በሕመም ምክንያት የሰውነቱ መከላከያ የደከመ ሰው አለ ወይ? ሌሎች እንስሳት ካሉ ተከትበዋል ወይ? ተለይቶ የሚዘጋ አንድ ክፍል ይገኛል ወይ? በሌሊት ተነሥቶ የሚያጠባው ማን ነው? እነዚህን ጥያቄዎች በትሕትና ጠይቆ ለእያንዳንዱ ቤት የሚስማማውን እንስሳ መምረጥ ይገባል። ቀኑን ሙሉ በሥራ ላይ ለሚውል ሰው ጡት ያልጣለ ግልገል መስጠት ሰውየውንም እንስሳውንም መበደል ነው፤ ለእርሱ እግሩ ተሰብሮ ዕረፍት የሚያስፈልገው ወይም ያረጀ ውሻ ይስማማው ይሆናል።

3ኛ፤ የውል ወረቀቱና ስንቁ። እንስሳው ከመጠለያው ሲወጣ ምግቡ፣ ጡጦው፣ መኝታው፣ መድኃኒቱና የተጻፈ መመሪያው አብረውት ይውጡ። መመሪያው የትኛው ምልክት እስኪነጋ እንደማያስጠብቅ በግልጥ ይናገር፤ ይኸውም እስትንፋስ ማጠር፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ ተደጋጋሚ ትውከት፣ መቀዝቀዝና ለመነሣት አለመቻል ነው። በውሉም ላይ ያለ መጠለያው ፈቃድ እንስሳውን ለሌላ አሳልፎ መስጠት እንደማይቻል ይጻፍ።

4ኛ፤ ሌሊት የሚመልስ ስልክ። ይህ ቍጥር ከሁሉ ይበልጣል፤ የደረሰብኝን በመናገር ላስረዳ።

በአሜሪካን አገር ትምህርቴን በምከታተልበት ዘመን ከአንድ መጠለያ ዕድሜያቸው አንድ ሳምንት ያህል የሆነ ሦስት የድመት ግልገሎች በአደራ ተቀብዬ ነበር። የተሰጠኝ ወረቀት የወተቱን ልክ እንጂ ሌላ ምንም አይናገርም። በሁለተኛው ሌሊት ከሦስቱ ታናሹ ቀዝቅዞና ዝም ብሎ አገኘሁት። የራበው መስሎኝ ወተቱን ቶሎ አሙቄ በጡጦ አጠባሁት። ወደ መጠለያው ደጋግሜ ብደውልም የሚመልስ አልነበረም፤ ሳይነጋም ግልገሉ ሞተ። በማግስቱ አንድ የእንስሳት ሐኪም ነገሩን ሲያስረዱኝ፣ የቀዘቀዘ ግልገል ሆድ ሥራውን ስለሚያቆም ወተቱ እንደማይፈጭለት፣ ወደ ሳምባውም ሊገባ እንደሚችል፣ ስለዚህ አስቀድሞ በዝግታ ማሞቅ፣ ከዚያም በኋላ ማጥባት እንደሚገባ ነገሩኝ። ሐኪሙ የተናገሩት ነገር ሁለት መስመር የማይሞላ ነበር። እነዚያ ሁለት መስመሮች በወረቀቱ ላይ ቢኖሩ ወይም አንድ ሰው ስልኩን ቢያነሣ ግልገሉ በዳነ ይሆናል። በጤና ሙያ የሚማር ሰው ሆኜ ሳልጠይቅ መቀበሌም የራሴ ጥፋት ነው። የቀሩት ሁለቱ አድገው ቤት አገኙ።

ጡት ያልጣሉ ግልገሎች አያያዝ

ብዙ አደራ የሚጠፋው በዚህ ዕድሜ ስለ ሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርገን እንናገራለን።

የድመት ግልገል ሲወለድ ክብደቱ 100 ግራም ገደማ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንቶች የሰውነቱን ሙቀት ራሱ ለመጠበቅ አይችልም። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት መኝታው ከ29 እስከ 32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሙቅ። በጨርቅ የተጠቀለለ የሞቀ ውሃ ጠርሙስ በመኝታው አንድ ወገን ይቀመጥ፤ ሌላው ወገን ነጻ ሆኖ ይቅር፤ ግልገሉ ሲሞቀው ሸሽቶ የሚሄድበት ስፍራ ያስፈልገዋልና።

ምግቡ ለድመት ግልገሎች ተብሎ የተዘጋጀ ወተት ነው። የላም ወተት ተቅማጥ ያመጣባቸዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በየ2 ወይም በየ3 ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ ይጠባሉ። ሲጠቡ በሆዳቸው እንደ ተኙ ይሁኑ፤ እንደ ሰው ሕፃን በጀርባቸው አስተኝቶ ማጥባት ወተቱን ወደ ሳምባ ይሰደዋል። ከጠቡም በኋላ እናቲቱ በምላሷ እንደምታደርገው፣ በለብ ያለ ውሃ በራሰ ለስላሳ ጨርቅ ከሆዳቸው በታች ቀስ ብሎ በማሸት ሽንታቸውንና ዐይነ ምድራቸውን እንዲያወጡ መርዳት ይገባል። ያለዚህ በራሳቸው ለማውጣት አይችሉም።

ሚዛን በዚህ ሥራ ላይ ከሐኪም ማዳመጫ አይተናነስም። ግልገሉ በየቀኑ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ይመዘን፤ ክብደቱም ይጻፍ። በቀን 10 ግራም ወይም ከዚያ በላይ ሲጨምር ደኅና ነው። አንድ ቀን ሙሉ ሳይጨምር ቢውል፣ ይልቁንም ቢቀንስ፣ በዐይን ምንም ሕመም ባይታይበት እንኳ ለኀላፊው ማስታወቅ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ከዐይን ቀድሞ ይናገራልና።

ከአራተኛው ወይም ከአምስተኛው ሳምንት ጀምሮ ለስላሳ ምግብ ይለማመዳል። የወስፋት መድኃኒት ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ይሰጣል። ክትባቱ በመጠለያ ልማድ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየሁለት ወይም በየሦስት ሳምንቱ ይደገማል። ሁለት ወር ሞልቶት ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ሲጠጋ እንዳይራባ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለዘለቄታ ቤት ሊሰጥ ይችላል። ይህ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገ ግን መጠለያው በአንድ በር ያስወጣው በሌላው በር ተባዝቶ ይገባል።

የቤቱ ንጽሕና

በአደራ የመጣ እንስሳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንቶች ከቤቱ እንስሳት ተለይቶ በአንድ ክፍል ይቀመጥ። የምግብ ሳሕኑ፣ መኝታውና መጥረጊያው የብቻው ይሁኑ። አስቀድሞ የቤቱን ጤነኛ እንስሳት፣ በመጨረሻ አዲሱን መመገብና ማጽዳት፣ ከዚያም እጅን በሳሙና መታጠብ ደንብ ይሁን። ዕቃው በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠብ፤ ከዚያም 5 በመቶ ገደማ ኀይል ያለው በረኪና አንድ እጁ ከሠላሳ እጅ ውሃ ጋራ ተቀላቅሎ፣ ዕቃው 10 ደቂቃ ያህል በዚህ ርሶ ይቈይና በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ። እድፍ ሳይታጠብ በረኪና ቢያፈስሱበት በረኪናው በእድፉ ላይ ኀይሉን ይጨርሳል፤ ቫይረሱም ሳይሞት ይቀራል።

ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉትን በሽታዎችም ማወቅ ይገባል። ጭርት ከድመት ግልገሎች ወደ ልጆች ቆዳ በቀላሉ ይተላለፋል። የሆድ ትሎች እንቍላል ከዐይነ ምድር ጋራ በአፈር ላይ ቈይቶ በእጅ ወደ ልጆች አፍ ይገባል። በቁንጫ አማካይነት በድመቶች መካከል የሚተላለፈው ባርቶኔላ የተባለው ባክቴሪያ በድመት ጭረት ወደ ሰው ይገባል። ቶክሶፕላስማ የተባለው ተሕዋስ ደግሞ በእርጉዝ ሴት ማሕፀን ያለውን ፅንስ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ተሕዋስ በድመት ዐይነ ምድር ከወጣ በኋላ ለመጉዳት የሚበቃው ከ1 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ስለ ሆነ፣ የድመቱን መጸዳጃ በየቀኑ ማጽዳት ከፍ ያለ ጥቅም አለው። እርጉዝ ሴት ግን ይህን ሥራ ለሌላ ሰው ትተው፤ ሌላ ሰው ባይገኝ ጓንት አድርጋ ትሥራና እጇን በሳሙና ትታጠብ።

በአገራችን ልዩ ጥንቃቄ ስለሚያስፈልግበት ነገር

በአሜሪካን አገር ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ መጥፋቱ በ2007 ታውጇል፤ የቀረው በሽታ በሌሊት ወፍና በዱር አራዊት ላይ ነው። በአገራችን ግን በሽታውን ወደ ሰው የሚያደርሰው በአብዛኛው ውሻ ራሱ ነው። ስለዚህ የዚያን አገር ደንብ እንዳለ ገልብጦ መውሰድ አይበቃም፤ ሌላ ጥንቃቄ ሊታከልበት ይገባል።

ከመንገድ የተነሣ ውሻ በሽታው በሰውነቱ ውስጥ ተደብቆ ሳለ ለሳምንቶች፣ አንዳንድ ጊዜም ለወሮች፣ ጤነኛ መስሎ ሊቈይ ይችላል። ስለዚህ ታሪኩ ያልታወቀ ውሻ ልጆች ባሉበት ቤት በችኮላ አይግባ፤ ተከትቦና የእንስሳት ሐኪም ምርመራ ተደርጎለት፣ ልምድ ባላቸው አዋቂዎች ዘንድ ተለይቶ ይቈይ። ዘወትር ውሾችን የሚይዙ ሰዎችም አስቀድመው መከተብ ይገባቸዋል፤ የዓለም የጤና ድርጅት በ2018 ባወጣው ምክር መሠረት ይህ ክትባት በመጀመሪያው ቀንና ከ7 ቀን በኋላ ይሰጣል።

ውሻ ሰውን ቢነክስ ወይም ምራቁ ቍስልን ቢነካ፣ ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ግዴታ ነው። የነከሰው ውሻ ለ10 ቀን ይጠበቃል፤ ሆኖም ውሻውን መጠበቅ የሰውየውን ክትባት ለማዘግየት ምክንያት አይሆንም። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን እጅግ ብርቅ ነውና። በዓለም ላይ ይህ በሽታ በየዓመቱ ከሚገድላቸው በአሥር ሺሕ ከሚቈጠሩ ሰዎች መካከል ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። በአንድ አገር ከሚገኙት ውሾች ከመቶው ሰባው ሲከተቡ ግን በሽታው መተላለፊያ ያጣል።

ሌላም ነገር አለ። በበዓል ጊዜ ከእርድ የተረፈውን፣ ውሃ የቋጠረውን ጉበትና ሳምባ ለውሻ መጣል የቈየ ልማዳችን ነው። በዚያ ውሃ በቋጠረ ከረጢት ውስጥ ያለው ተሕዋስ በውሻው አንጀት ትል ይሆናል፤ የትሉም እንቍላል በውሻው ዐይነ ምድር ወጥቶ ወደ ሰው ሲገባ በሰው ጉበት ውስጥ እንደዚያው ያለ ከረጢት ያበቅላል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ጉበትና ሳምባ ማቃጠል ወይም ውሻ በማያወጣው ጥልቅ ጕድጓድ መቅበር፣ በአደራ የገባውንም ውሻ ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በሐኪም ትእዛዝ መስጠት ያስፈልጋል።

አሳዳጊዎችን ስለ ማቆየት

መጠለያዎች አሳዳጊ አጣን ሲሉ ይሰማል። ብዙ ጊዜ ግን አሳዳጊው የጠፋው ተጠይቆ እምቢ ስላለ ሳይሆን፣ አንድ ጊዜ ተቀብሎ ብቻውን ስለ ተተወ ነው። ለሁለት ሳምንት ተብሎ የተሰጠው እንስሳ ስድስት ወር ሲቈይበት፣ ሲደውል የሚመልስለት ሲያጣ፣ ሲደክመው ዕረፍት ሲከለከል፣ ሁለተኛ አይመጣም። ስለዚህ የመመለሻው ቀን ይከበር፤ ጡት ላልጣሉ ግልገሎች በየቀኑ፣ ለቀሩት ቢያንስ በየሳምንቱ ስልክ ይደወል፤ በአንድ አደራና በሌላው መካከል ዕረፍት ይሰጥ። እንስሳው ሲሞትም አሳዳጊውን ከመውቀስ አስቀድሞ ምክንያቱን መርምሮ በቅን ልብ ማስረዳት ያስፈልጋል። አሳዳጊው ስለ እንስሳው ጠባይ የጻፈው ማስታወሻ ለሚቀጥለው ጌታ ይሰጥ፤ በቤት ውስጥ የታየ ጠባይ በሽቦ ቤት ከታየው ይልቅ እውነተኛ ነውና። በ2023 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ለጥቂት ቀን በሰው ቤት የቈዩ የመጠለያ ውሾች ካልወጡት ይልቅ ቋሚ ጌታ የማግኘት ዕድላቸው 14 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ አመልክቷል፤ ለዚህም ምክንያት ከሆኑት አንዱ አሳዳጊዎቹ ራሳቸው ወሬ ነጋሪዎች መሆናቸው ነው።

ይህን ሥራ በሰፈር ደረጃ ለመጀመር የሚያስብ ቢኖር ሕንፃና ብዙ ገንዘብ እስኪያገኝ መጠበቅ የለበትም። አንድ ኀላፊ፣ አንድ መዝገብ፣ አንድ ሚዛን፣ ከአንድ የእንስሳት ሐኪም ጋራ የተደረገ ስምምነት፣ ሌሊት የሚመልስ ስልክና አስቀድሞ የተዘጋጀ ክትባት ለመጀመሪያው ይበቃሉ። በሁለት ወይም በሦስት ቤት ጀምሮ ሥራው ሲጠና ማስፋት ይሻላል፤ ሊጠብቁት ከሚችሉት በላይ መቀበል ግን ርኅራኄ መስሎ የሚታይ ጥፋት ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ ክትባቱና መመሪያው ከእንስሳው በፊት ይቅደም። አደራ ጥብቅ ነው፤ የሚጠብቀውም በቃል ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በሰዓትና በንጹሕ እጅ ነው።